አጭር የገጸ ባሕርይ አኒሜሽን ለብቻ እንዴት እንደሚሠራ፦ አማርኛ የሚናገር አፍ

አኒሜሽን ለመሥራት ስነሣ መጀመሪያ የመረጥኩት አራት ደቂቃ የሚፈጅ የጅብና የአህያ ተረት ነበር። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 24 ፍሬሞች (ነጠላ ምስሎች) ያልፋሉ፤ እያንዳንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም በማቆየት ድካሙን በግማሽ ቢቀንሱት እንኳ ለአንድ ሰከንድ 12፣ ለአራት ደቂቃ ደግሞ 2,880 ሥዕል ያስፈልጋል። ይህን ስሌት የሠራሁት ሥራውን በጀመርኩ በሰባተኛው ወር ሲሆን በእጄ የነበረው 38 ሰከንድ ብቻ ነበር፤ ጅቡም ገና ከጉድጓዱ አልወጣም ነበር። ስለዚህ ብቻውን ለሚሠራ ሰው የምመክረው ከ20 እስከ 30 ሰከንድ የሚደርስ፣ አንድ ገጸ ባሕርይ፣ አንድ ቦታና አንድ ድርጊት ያለው ታሪክ ነው።

ለምሳሌ ያህል በመጨረሻ ሠርቼ የጨረስኩትን እወስዳለሁ። እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ አሮጊት አሉ፤ ውጭ አገር ያለው ልጃቸው በቪዲዮ ሲደውልላቸው ስልኩን እንደ ድሮው በጆሯቸው ላይ ይለጥፉታል፣ ልጁም የሚያየው የእናቱን ጆሮ ብቻ ነው። «ሰማኸኝ ልጄ?» እያሉ ይጮኻሉ፤ በመጨረሻም ስልኩን ከጆሯቸው አውርደው «ስሜሃለሁ!» ብለው ይስሙታል። ርዝመቱ 25 ሰከንድ ነው። በስሌቱ 300 ሥዕል ቢያስፈልገውም እማማ ጥሩነሽ አብዛኛውን ጊዜ በርጩማ ላይ ስለሚቀመጡ ገላቸው አንድ ጊዜ ተሥሎ በራሱ ሌየር (ንጣፍ) ላይ ይቆያል፤ የሚለዋወጡት አፍ፣ ዓይን፣ እጅና ነጠላ ብቻ ናቸው።

መሣሪያን በተመለከተ ብዙ ማመንታት አያስፈልግም። ክሪታ፣ ኦፕንቱንዝና ብሌንደር ነፃ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ሦስቱም በእጅ የሚሣል አኒሜሽን ያሠራሉ። ለጀማሪ ክሪታ ይቀላል። ኦፕንቱንዝ ለአኒሜሽን ብቻ የተሠራ በመሆኑ ኃይለኛ ነው፤ ሆኖም የመጀመሪያውን ሳምንት ያስመርራል። ኮምፒውተር የሌለው ሰው በስልክ ላይ በፍሊፓክሊፕ ቢጀምር አያፍርበትም። ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር በፍላሽ ተቀብሎ መጫን የተለመደ ቢሆንም፣ ነፃዎቹ ይህን ያህል በበሰሉበት ጊዜ ቫይረሱን አብሮ መቀበል ምን እንደሚጠቅም አይገባኝም። ስክሪን የሌለው ትንሽ የሥዕል ታብሌት (ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ በብዕር የሚሣልበት ሰሌዳ) ይበቃል። የወረቀት ሰው ከሆኑም ከመስታወት በታች አምፖል አብርቶ ወረቀት በወረቀት ላይ እየደረቡ መሣል፣ ከዚያም በስልክ ፎቶ ማንሣት ይቻላል። አዲስ አበባ ተወልዶ ኒው ዮርክ የሚሠራው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤማ በአንድ ሸራ ላይ እየቀባ፣ ፎቶ እያነሣና በላዩ ላይ መልሶ እየቀባ ሥዕሎቹን ያንቀሳቅሳል።

ገጸ ባሕርይውን መንደፍ

ገጸ ባሕርይው በጥቁር ቀለም ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ጥላ ብቻ ሆኖ ሲታይ ማን እንደሆነና ምን እያደረገ እንደሆነ መለየት አለበት። ካልተለየ ልብሱን ከማስጌጥ በፊት ቅርጹ ይስተካከል። ከፊት፣ ከጎንና ከግማሽ ጎን አንድ አንድ ጊዜ ሥለው ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ይለጥፉት፤ አለዚያ በሁለት መቶኛው ሥዕል ላይ አፍንጫው ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። መቶ ጊዜ የሚሣል ነገር ላይ ዝርዝር አይብዛ። እኔ በነጠላው ጥለት ላይ ያማረ ጥልፍ አድርጌ ነበር፤ ጥልፉ በየሥዕሉ ጥቂት ጥቂት ስለሚለያይ ፊልሙ ሲሄድ ጥለቱ እንደ ተበላሸ አምፖል ይርገበገብ ጀመር። በሁለት ተራ መስመሮች ተካሁት።

ድምፅ ከሥዕል ይቀድማል

ንግግሩ ሳይቀዳ አንድም አፍ አይሣል፤ ሥዕል ለድምፅ ይለካል እንጂ ድምፅ ለሥዕል አይለካም። ለመቅዳት ስቱዲዮ አያስፈልግም። ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን ተከፍቶ፣ ጋቢ በራስ ላይ ተደርቦ፣ ስልኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ቢያዝ የክፍሉ ማስተጋባት ይጠፋል። ዋናው ችግር ሰፈሩ ነው። ውሻው ከደከመ በኋላ፣ ዶሮው ሳይጮኽና የቅዳሴው ድምፅ ማጉያ ሳይከፈት ያለው ጊዜ፣ ማለትም ከሌሊቱ ሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው፣ በእኛ ሰፈር ብቸኛው ጸጥታ ነው። እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ቢያንስ አምስት ጊዜ በተለያየ ስሜት ማስቀዳት ይበጃል፤ ድምፅ ሰጪዋ የምትስቀውንና የምትተነፍሰውንም አይሰርዙ።

ከዚህ በኋላ ስቶሪቦርድና አኒማቲክ አንድ ላይ ይሠራሉ፦ ስምንት ወይም አሥር ሻካራ ሥዕሎችን ከድምፁ ጋር አሰልፎ መመልከት ነው። ታሪኩ በዚህ ደረጃ ካላሳቀ ቀለም ቢቀባም አያስቅም።

እንቅስቃሴው

ድርጊቱን ራስዎ ተጫውተው በስልክ ይቅረጹ፤ ማፈር የለም። ከቅጂው ላይ ዋና ዋናዎቹን አቋቋሞች መርጦ ቁልፍ ሥዕሎችን መሣል፣ ከዚያ በየመሐላቸው ያሉትን መሙላት ነው። እንቅስቃሴ ሲነሣና ሊቆም ሲል ሥዕሎቹ ይቀራረባሉ፣ በመሐል ይራራቃሉ። ነጠላ ግን የራሱ ጊዜ አለው፤ ትከሻው ከቆመ በኋላ ጫፉ ከሦስት እስከ አምስት ፍሬም ዘግይቶ ይቆማል።

በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ትምህርቶችን እየተከተልኩ ስሠራ የእጁን ትልቅ ምልክት ወደ ዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ አካባቢ አደርገው ነበር፤ ውጤቱም ሁልጊዜ የቸኮለ ይመስል ነበር። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያኖራል፤ ሰሚው «ልጄ ትናንት ማታ የላክህልኝን ገንዘብ...» የሚለውን ሲሰማ ተቀበሉት ወይስ አልደረሳቸውም የሚለውን ገና አያውቅም። ስለዚህ የእጁ ውርወራና የቅንድቡ መነሣት ግሱን ቢጠብቁ ይሻላል።

አፍን ማናገር

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ በእማማ ጥሩነሽ ፊልም የመጀመሪያ ሙከራዬን ያበላሸው ይህ ነውና።

ለከንፈር እንቅስቃሴ ዝግጁ የአፍ ሥዕሎች ሰንጠረዥ በኢንተርኔት ላይ በብዛት ይገኛል። አንዱን አውርጄ እያንዳንዱን የአማርኛ ፊደል ከሚመስለው አፍ ጋር አዛመድኩና አራት ቀን ሠራሁ። ፊልሙ ሲታይ እማማ ጥሩነሽ ቆሎ የሚቆረጥሙ ይመስሉ ነበር። ጓደኛዬ «ድምፁ ከሌላ ፊልም የተወሰደ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስሕተቱ ሁለት ነበር፦ ሰንጠረዡ ለእንግሊዝኛ የተሠራ መሆኑና እኔ የጻፍኩትን እንጂ የሰማሁትን አለመሣሌ።

ለአማርኛ የተሻለው ሰንጠረዥ ከልጅነታችን ጀምሮ በእጃችን ያለው የፊደል ገበታ ነው። ሰባቱ የፊደል ቤቶች ሰባት የአፍ ቅርጾች ናቸው ለማለት ይቻላል። ግዕዝ አፍን በመጠኑ ይከፍታል፤ ካዕብ ከንፈርን ያሞጠሙጣል፤ ሣልስና ኃምስ ወደ ጎን ይለጥጣሉ፣ ኃምስ መንጋጋውን ትንሽ ከማውረዱ በቀር ልዩነታቸው በአጭር ፊልም ስለማይታይ በአንድ ሥዕል አጣምሬያቸዋለሁ፤ ራብዕ በሰፊው ይከፍታል፤ ሳድስ ጥርስ ለጥርስ ተቀራርቦ በጭንቅ የተከፈተ አፍ ነው፤ ሳብዕ ክብ ሆኖ ይከፈታል። በዚህ ላይ ሁለት ይጨመራሉ፦ ለመ፣ ለበ፣ ለፐና ለጰ ግጥም ብሎ የተዘጋ ከንፈር፣ ለፈና ለቨ ደግሞ የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር የነካበት። በድምሩ ስምንት አፍ ይበቃል። እንደ ቋ፣ ጓ፣ ሟ ላሉት የካዕብን አፍ ለጥቂት ፍሬም አሳይቶ ወደ ራብዕ መሻገር ነው። ሀ እና አ በአማርኛ ንባብ እንደ ራብዕ ስለሚሰሙ አፋቸውም የራብዕ ነው፤ ኸ ግን ግዕዝነቱን ይጠብቃል።

ትልቁ ወጥመድ ሳድስ ነው። ሳድስ ፊደል አንዳንድ ጊዜ አጭር ድምፅ አለው፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አናባቢ የሌለው ባዶ ተነባቢ ነው። «ትምህርት» የሚለው ቃል አምስት ፊደል ቢኖረውም ሲነገር አፍ የሚከፈተው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፦ አንዴ በ«ትም»፣ አንዴ በ«ህርት»። እኔ አምስት ጊዜ ከፍቼው ነበር፤ የቆሎው ምስጢር ይህ ነው። ስለዚህ ንግግሩን ከመሣል በፊት እጅን ከአገጭ ሥር አድርጎ ቃሉን በተለመደው ፍጥነት መናገርና አገጭ ስንት ጊዜ እንደወረደ መቁጠር ያስፈልጋል። የሚሣለው ያ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ መጥበቅና መላላት ነው። ጽሑፋችን ይህን ባያሳይም አፋችን ያሳየዋል። «ሰማ» ሲባል መ ይጠብቃል፣ «ሳመ» ሲባል ይላላል። በእማማ ጥሩነሽ ፊልም ውስጥ ሁለቱም ስላሉ ልዩነቱን ለመሥራት ተገድጄ ነበር። በ«ሰማኸኝ» ላይ ከንፈሩ ለአራት ፍሬም ያህል ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ወደ ሰፊው ራብዕ ይፈነዳል፤ በ«ስሜሃለሁ» ላይ ግን ለሁለት ፍሬም ብቻ ገጠም ብሎ ወደ ለጠጠው ኃምስ ያልፋል። አራቱን ፍሬም ወደ ሁለት ብቀንሰው እማማ ጥሩነሽ አማርኛን በትምህርት የተማሩ የውጭ ዜጋ ይመስሉ ነበር። ለማንኛውም የተዘጋ ከንፈር ከሁለት ፍሬም ያነሰ ጊዜ አይስጡት፤ ዓይን አይይዘውም። የአፉም ሥዕል ከድምፁ አንድ ወይም ሁለት ፍሬም ይቅደም፤ ከዘገየ ፊልሙ የተበላሸ ይመስላል።

ቀ፣ ጠ፣ ጨ እና ጸ ጉሮሮ ተዘግቶ በምላስ ስለሚፈነዱ ለከንፈር ብዙም ሥራ አይሰጡም። በኃይል ሲነገሩ ግን ራስ ትንሽ ይነቀንቃል፤ ያንን ንቅናቄ በአንድ ሥዕል መጨመር ከማንኛውም አፍ የበለጠ ቃሉን ያሰማል። እንዲሁም አየር ወደ ውስጥ ስቦ «እ» በማለት የሚሰጠው የእኛ አዎንታ አይረሳ። አፍ በጥቂቱ ይከፈታል፣ ደረት በሦስት ወይም በአራት ፍሬም ውስጥ ከፍ ይላል፣ ቅንድብ ይነሣል፤ ፊልሙን በሙሉ ያለ ቃል ቢጨርሱት እንኳ ይህች አንዷ ትንፋሽ ገጸ ባሕርይዋ ከየት እንደመጣች ትናገራለች።

አፍን በራሳቸው የሚያንቀሳቅሱ መሣሪያዎች አሉ። ሩባርብ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከእንግሊዝኛ ውጭ ላሉ ቋንቋዎች የሚያገለግል አማራጭ ስላለው ሞክሬዋለሁ። አፍ መቼ እንደሚከፈት በግርድፉ ይጠቁማል፤ የሚጠብቀውን መ ግን እኔ በሠራኋቸው ዐረፍተ ነገሮች ላይ ደጋግሞ አሳጥሮብኛል። ለሻካራ ሥራ ይጠቅማል፣ ለመጨረሻው በእጅ ማረም ግድ ነው።

ማጠናቀቅ

ቀለም ቀለል ያለ ይሁን፤ መደቡ ከገጸ ባሕርይው ይልቅ የፈዘዘ ይሁን።

ፊልሙን ሲያወጡ ግን በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ፋይል አይሂዱ። ሁለት ሰዓት የፈጀ ሬንደር (ፊልሙን ወደ ፋይል የማውጣት ሥራ) ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፍቶብኝ ፋይሉ የማይከፈት ሆኖ ቀርቷል፤ ይህም በአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል። እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው በፒኤንጂ ምስል እንዲወጣ ቢታዘዝ መብራት ቢጠፋም እስከዚያ የወጡት ምስሎች ይተርፋሉ፣ ሲመጣም ከቆመበት ይቀጥላል። ምስሎቹን ከድምፁ ጋር በቪዲዮ ማቀናበሪያ፣ በኬደንላይቭ ወይም በዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃው እትም፣ ማጋጠም የደቂቃዎች ሥራ ነው። የግርጌ ድምፆችን፣ ማለትም የበርጩማውን ሲጥሲጥታ፣ የስልኩን ጥሪና ከሩቅ የሚሰማውን የወያላ ጩኸት፣ እዚህ ላይ ይጨምሩ፤ ከንግግሩ በጣም ዝቅ ያሉ ይሁኑ።

ለስልክ የሚለቀቅ ከሆነ ቁመቱ 1920፣ ወርዱ 1080 ፒክስል ይሁን፤ ይህ ግን ከመጀመሪያው ሥዕል በፊት መወሰን ያለበት ነገር ነው። አግድም የሣልኩትን በኋላ ለቁም ስቆርጠው የእማማ ጥሩነሽ ስልክ የያዘ እጅ ከክፈፉ ውጭ ቀርቶ ትዕይንቱን እንደገና ለመሣል ተገድጃለሁ። ከመልቀቅ በፊት አንዴ በስልኩ ትንሽ ድምፅ ማጉያ፣ አንዴ ደግሞ ድምፁን ዘግተው ይመልከቱት፤ ታክሲ ውስጥ የሚያየው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን ዘግቶ ነው የሚያየው። የፕሮጀክቱን ፋይልና ምስሎቹን በሁለት የተለያዩ ፍላሾች ላይ ካስቀመጡ በኋላ ይልቀቁት።