ከአንዱ የሥዕል ቁስ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሥዕልን የትርፍ ጊዜ ፍቅራቸው ያደረጉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በእርሳስ ይጀምሩና ወደ ከሰል፣ ወደ ውሃ ቀለም፣ ወደ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን፣ ሲደርቅ ግን በውሃ የማይለቅ ቀለም)፣ አንዳንዶቹም ወደ ዘይት ቀለም ይሻገራሉ። እኔም ከሥራ መልስ በምትተርፈኝ ሰዓት ይህንኑ መንገድ ለዓመታት ስመላለስበት ቆይቻለሁ። ያበላሸኋቸውን ወረቀቶችና ሸራዎች መለስ ብዬ ስመለከታቸው አብዛኛው ጥፋት የመጣው የአንዱን ቁስ ልማድ ይዤ ወደ ሌላው በመግባቴ ነው።

ከሁሉ የተለመደው ስህተት ውሃ ቀለምን እንደ አክሪሊክ መሥራት ነው። አክሪሊክ ከሥሩ ያለውን የመሸፈን አቅም ስላለው ጨለማውን አስቀድሞ መቀባትና ብርሃኑን መጨረሻ ላይ በነጭ ማከል ይቻላል። ውሃ ቀለም ግን በስሱ የሚቀባ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለም ስለሆነ ብርሃኑን የሚሰጠው ከሥሩ ያለው ነጭ ወረቀት ነው፤ ስለዚህ ሥራው ከብርሃን ተነሥቶ ወደ ጨለማ ይሄዳል፣ ነጭ ሆኖ የሚቀረው ቦታም ብሩሹ ወረቀቱን ከመንካቱ በፊት ተለይቶ መታወቅ አለበት። በአገልግሎት ብዛት ያብረቀረቀ ጥቁር ጀበና መስኮት አጠገብ አስቀምጠው ይመልከቱ፤ ሆዱ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ዐይን የምትወጋ ነጥብ አለች፣ ዙሪያዋ ግራጫ ነው፣ ከዚያ ቡናማ የተቀላቀለበት ጥቁር ይከተላል፣ ወደ ታች ደግሞ ከረከቦቱ የሚመለስ ደብዛዛ ብርሃን ይታያል። ያቺን ነጥብ በውሃ ቀለም ለማግኘት አስተማማኙ መንገድ ወረቀቱን እዚያ ቦታ ላይ አለመንካት ነው። ሁሉንም በጥቁር ሸፍኖ በኋላ ነጭ ላክል ያለ ሰው፣ ነጩ ከሥሩ ያለውን ጥቁር ይስብና አመድማ ስለሚሆንበት ብርሃኑ ይሞታል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። ውሃ ቀለም ሲደርቅ ፈዘዝ ይላል፣ አክሪሊክ ደግሞ ጠቆር ይላል፤ የአክሪሊክ ማያያዣው ፈሳሽ እርጥብ ሳለ ወተት መሰል ሆኖ ሲደርቅ ጥርት ስለሚል ነው። ስለዚህ እርጥብ ቀለም አይቶ መፍረድ በሁለቱም ዘንድ ያሳስታል፤ በቁራጭ ወረቀት ላይ ቀብቶ፣ እስኪደርቅ ጠብቆ ማየት ይገባል።

ገንዘብን ሁሉ በቀለም ላይ አውጥቶ በማንኛውም ወረቀት ላይ መሥራትም ብዙዎችን ተስፋ ያስቆርጣል። የተለመደው የኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ለውሃ ቀለም በብዛት የሚመረጠው 300 ግራም ነው። ስሱ ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፣ ቀለሙ በጉድጓዶቹ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ደጋግመው ሲያሹት ይላጣል፤ ጀማሪውም ችሎታ የለኝም ብሎ ይደመድማል። ስድስት ቀለምና ጥሩ ወረቀት ከሃያ አራት ቀለምና መጥፎ ወረቀት እንደሚሻል አልጠራጠርም።

የማድረቂያ ጊዜን አለማወቅ ሌላው ነው። ግማሽ የደረቀ ውሃ ቀለም ላይ በእርጥብ ብሩሽ ሲመለሱበት ውሃው ቀለሙን ወደ ጠርዝ እየገፋ አበባ ጎመን የመሰለ እድፍ ይተዋል፤ ወይ እርጥብ ሳለ መጨረስ፣ ወይ ፈጽሞ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ የበጋው ደረቅ አየር ይህን ጊዜ በጣም ያሳጥረዋል፣ በክረምት ግን ይረዝማል። አክሪሊክ ከደረቀ በኋላ በውሃ ስለማይለቅ ብሩሹን ለደቂቃዎች እንኳ ሳያጥቡ መተው ብሩሹን መጣል ማለት ነው።

የዘይት ቀለም ስህተቶች ዘግይተው ስለሚታዩ የበለጠ ያሳዝናሉ። አንድ ጊዜ በዘይት ቀለም የሠራሁትን ሰማይ ቶሎ ለማስተካከል ብዬ በላዩ አክሪሊክ ቀባሁበት፤ ለጊዜው ያማረ መሰለኝ፣ ከወራት በኋላ ግን ሰማዩ በጥፍር ሲነካ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። አክሪሊክ የሚደርቀው ውሃው ሲተን ነው፤ የዘይት ቀለም ግን ማያያዣው በአብዛኛው የተልባ ዘይት ስለሆነ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል፣ ቅባታም ገጹም አክሪሊክን አይዝም። ዘይትን በደረቀ አክሪሊክ ላይ መቀባት ይቻላል፣ ተቃራኒው ግን አይሆንም። በዘይት ቀለሙ ውስጥም የታችኛው ንብርብር በአኳራጅ (በዘይት ቀለም ማቅጠኛ) የቀጠነ፣ የላይኛው ዘይት የበዛበት መሆን አለበት፤ ቶሎ የሚደርቅ ሽፋን ከላይ ከሆነ ከሥሩ ያለው ሲንቀሳቀስ ይሰነጣጠቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፤ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ አጨማዶ ወይም ከምሮ መጣል አይገባም። ዘይቱ ሲጠነክር ሙቀት ያወጣል፣ ክምሩም ሙቀቱን አምቆ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ጨርቁን ከቤት ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ፣ ወይም ውሃ ባለበት የብረት ዕቃ ከድኖ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በአኳራጅ ሲሠሩም መስኮት ይከፈት፣ በተለይ ልጆች በሚተኙበት ክፍል።

ለቀለሙ የማይስማማ መደብ፣ ማለትም ቀለሙ የሚያርፍበት ገጽ፣ መምረጥ ታላላቆችንም አሳስቷል። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እ.ኤ.አ. ከ1495 እስከ 1498 ገደማ ሚላን ውስጥ የመጨረሻውን እራት ሲሥል፣ እርጥብ ልስን ላይ በጥድፊያ ከመሥራት ይልቅ ቀስ ብሎ ለመሥራት ፈልጎ በደረቅ ግድግዳ ላይ ቀባው፤ ሥዕሉም እርሱ በሕይወት ሳለ መርገፍ ጀመረ። የእኛ የቀድሞ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች የእንጨቱን ገበታ አስቀድመው በነጭ ጄሶ ይለብጡ ነበር፤ ብዙዎቹ የግድግዳ ሥዕሎችም በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ናቸው። ሸራም ቢሆን፣ ካርቶንም ቢሆን፣ ቀለም ከመንካቱ በፊት እንዲሁ መዘጋጀት ይኖርበታል።

በከሰልና በፓስቴል (እንደ ጠመኔ ባለ የቀለም ዘንግ) ሲሠሩ ዱቄቱን የሚያስይዘውን ርጭት በአንድ ጊዜ በብዛት መርጨት ቀለሙን ያጠቁረዋል፤ ከራቅ ብሎ፣ በስሱ፣ ደጋግሞ መርጨት ይሻላል። በተራ ማርከር የተሠራን ሥዕል ፀሐይ በሚገባበት ግድግዳ ላይ መስቀልም አይመከርም፣ ይደበዝዛልና። የኔዘርላንዱ ሠዓሊ ቫን ጎህ በ1888 እ.ኤ.አ. የሣላት የመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ዛሬ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየን፣ ሐምራዊውን የፈጠረው ቀይ ቀለም በብርሃን ስለጠፋ ነው።

በመጨረሻም፣ በየሳምንቱ ቁስ እየቀየሩ ርዕሱንም አብሮ መቀየር የትኛው ምን እንዳስተማረ እንዳይታወቅ ያደርጋል። እኔ ያንኑ ጀበና በከሰል፣ በውሃ ቀለም፣ በአክሪሊክና በዘይት ሥዬዋለሁ፤ በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ ቀኑን፣ የወረቀቱን ክብደት፣ የተጠቀምኩባቸውን ቀለሞችና ለመድረቅ የፈጀውን ጊዜ ጽፌያለሁ። የውሃ ቀለሟን ጀበና አራት ጊዜ አበላሽቻት በአምስተኛው ያቺ ነጥብ ነጭ ሆና ቀረች።