የሎድ ባላንሰር ማኔጅመንት አድራሻ እንዴት ይስተካከላል? ከኮንሶል ገመድ እስከ መጨረሻው ፍተሻ

አንድ ደንበኛ ስልኩን ነክቶ የባንክ ሂሳቡን ሲጠይቅ ጥያቄው በቀጥታ ከሰርቨሩ አይደርስም። መሃል ላይ ሎድ ባላንሰር የሚባል መሣሪያ አለ፤ የሚመጣውን ሁሉ ተቀብሎ ሥራ ላልበዛበት ሰርቨር ያደላድላል። ይህን መሣሪያ ሁለት በር እንዳለው ቤት አድርገን እንየው። አንዱ እንግዳ የሚገባበት የፊት በር ነው። ሌላው የቤቱ ሰው ብቻ የሚገባበት የጓዳ በር ነው። ማኔጅመንት አድራሻ የምንለው የጓዳውን በር ነው፤ ባለሙያው በዚያ ገብቶ ቅንብሩን ያያል፣ ይቀይራል፣ ይወጣል።

እዚህ የማሳየው የኤፍ5 ኩባንያ ምርት በሆነው ቢግ አይፒ በሚባለው ሎድ ባላንሰር ላይ ነው። ኩባንያው በ1996 በአሜሪካ ሲያትል የተመሠረተ ሲሆን መሣሪያው በብዙ የመረጃ ማዕከላት ውስጥ ይገኛል። በሌሎች ምርቶችም አካሄዱ ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ ዝርዝሩ ላይ ነው። ለምሳሌ ሌላው ሎድ ባላንሰር ኔትስኬለር ከፋብሪካ ሲወጣ 192.168.100.1 የሚል አድራሻ ይዞ ይመጣል፤ ይህ አድራሻ ሲቀየርም መሣሪያው ጠፍቶ መነሳት አለበት። ቢግ አይፒ ግን ይዞ የሚመጣው 192.168.1.245 ሲሆን ለውጡን ለመቀበል መጥፋት አያስፈልገውም።

ገመድ ከመሰካት በፊት

ወረቀት ያውጡና ሦስት ነገር ይጻፉ፦ መሣሪያው የሚይዘው አዲስ አድራሻ፣ ሰብኔት ማስኩ (የትኞቹ አድራሻዎች በአንድ ኔትወርክ ውስጥ እንደሆኑ የሚለየው ቁጥር) እና ጌትዌዩ (ወደ ሌላ ኔትወርክ የሚያወጣው አድራሻ)። በዚህ ጽሑፍ 10.20.30.11፣ 255.255.255.0 እና 10.20.30.1 እንጠቀማለን። ይህ ኔትወርክ የደንበኞች ትራፊክ ከሚያልፍባቸው ኔትወርኮች የተለየ መሆን አለበት። የማኔጅመንት ፖርቱንና (ፖርት የኔትወርክ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ ነው) የትራፊክ ፖርቶቹን በአንድ ሰብኔት፣ ማለትም በአንድ የኔትወርክ ክፍል፣ ውስጥ ማስቀመጥ መሣሪያው መልሱን በየት በኩል እንደሚልክ ያምታታበታል፤ ችግሩም አንዳንዴ ብቅ እያለ አንዳንዴ ስለሚጠፋ ምክንያቱን ማግኘት ቀናት ይወስዳል።

ከዚያ አድራሻው በሌላ መሣሪያ አለመያዙን ያረጋግጡ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለደረሰብኝ ነው። አንድ ቀን ማታ ያሰብኩትን አድራሻ ፒንግ አደረግሁት፣ ማለትም አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አጭር መልእክት ላክሁለት፤ መልስ የለም። ነፃ ነው ብዬ ለሎድ ባላንሰሩ ሰጠሁት፤ ሁሉም ሠራ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለካ አድራሻው የአንድ ሰርቨር ኖሯል፤ ሰርቨሩ ለጥገና ጠፍቶ ነበር። ጠዋት ሲበራ ሁለቱ በአንድ አድራሻ ላይ ተጣሉ፤ የአስተዳደር ገጹ አንድ ደቂቃ ይከፈታል፣ ቀጥሎ ይጠፋል። ለማስተካከል ገመድ ይዤ መሣሪያው ወዳለበት ክፍል መመለስ ግድ ሆነብኝ። ስለዚህ ፒንግ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የአድራሻ መዝገቡን ይመልከቱ፤ መዝገብ ከሌለ ኔትወርኩን የሚያስተዳድረውን ሰው ይጠይቁ።

በኮንሶል መግባት

ገና ከካርቶን ለወጣ መሣሪያ የምመርጠው መንገድ ኮንሶል፣ ማለትም ላፕቶፕን በገመድ በቀጥታ ከመሣሪያው ጋር ማገናኘት፣ ነው። በኔትወርክ አይመጣም፤ አድራሻው ቢሳሳትም አይቆረጥም። የኮንሶሉን ገመድ ከመሣሪያው ኮንሶል ፖርት ወደ ላፕቶፕዎ ያገናኙ፤ ተርሚናል ፕሮግራም ይክፈቱና ፍጥነቱን 19200፣ የዳታ ቢቱን 8፣ ፓሪቲውን ያለ ምንም፣ ስቶፕ ቢቱን 1 ያድርጉ። ብዙ ሰው ከሌሎች መሣሪያዎች ልማድ ተነሥቶ 9600 ያስገባል። ያኔ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የጥያቄ ምልክትና የተሰባበረ ፊደል ነው፤ መሣሪያው የተበላሸ ይመስላል። ፍጥነቱን አስተካክለው ኢንተር ሁለት ጊዜ ሲጫኑ የመግቢያ ስም የሚጠይቀው መስመር ጥርት ብሎ ይመጣል።

የመግቢያ ስሙ ሩት (root) ነው። ከሶፍትዌሩ ስሪት 14.0 ጀምሮ መሣሪያው ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል በመጀመሪያው መግቢያ ላይ ያስቀይራል። አዲሱን የይለፍ ቃል እዚያው በታሸገ መዝገብ ያስቀምጡ፤ ነገ አስታውሰዋለሁ ማለት አያዋጣም።

ከገቡ በኋላ ኮንፊግ (config) የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ጽፈው ኢንተር ይጫኑ። ሰማያዊ ሜኑ ይከፈታል። በቀስትና በታብ ቁልፍ እየተንቀሳቀሱ ይመልሳሉ። ጥያቄዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ግን አንዱም ሳይነበብ መታለፍ የለበትም።

መጀመሪያ አድራሻውን በራሱ ከዲኤችሲፒ (ለመሣሪያዎች አድራሻ ከሚያድለው አገልግሎት) ይውሰድ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አይደለም የሚለውን ይምረጡ። ዲኤችሲፒ ላይ የተተወ መሣሪያ አንድ ቀን ሌላ አድራሻ ይዞ ይነሣል፤ እርስዎም የጓዳውን በር ሲፈልጉ ይውላሉ። በተለይ በቨርቹዋል ማሽን ላይ የሚጫነው ዓይነት ዲኤችሲፒ በርቶ ስለሚመጣ እዚያ ላይ ይጠንቀቁ።

ቀጥሎ አድራሻውን ይጠይቃል። 10.20.30.11 ይጻፉ። ከዚያ ማስኩን፣ 255.255.255.0። ከዚያ ለማኔጅመንት ፖርቱ ዲፎልት መንገድ (የተለየ መንገድ ላልተሰጠው አድራሻ ሁሉ የሚያገለግል መውጫ) እንዲፈጠር ይፈልጋሉ ወይ ይላል። እርስዎ ከሌላ ሰብኔት የሚገቡ ከሆነ አዎን ብለው 10.20.30.1ን ይስጡ። መጨረሻ ላይ ያስገቡትን ሁሉ በአንድ ገጽ ያሳያል። ከወረቀቱ ጋር ቁጥር በቁጥር ያመሳክሩ፤ ሦስተኛውንና አራተኛውን ክፍል ጮክ ብለው ቢያነቡ ይሻላል። ሲስማሙ ያጽድቁ።

ኮንሶል ገመድ ከሌለ አንዳንዶቹ መሣሪያዎች ፊታቸው ላይ ባለው ትንሽ ስክሪን ተመሳሳይ ቁጥሮች ማስገባት ይቻላል። ቀድሞ የሚሠራ አድራሻ ካላቸው ደግሞ በብራውዘር ገብተው ሲስተም ከሚለው ሥር ፕላትፎርም የሚለውን ገጽ ይከፍታሉ፤ የማኔጅመንት ፖርቱን ቅንብር ማኑዋል ላይ አድርገው ቁጥሮቹን ይቀይሩና አፕዴት ይጫናሉ። ገጹ ወዲያው ይቋረጣል። አትደንግጡ፤ የተቀመጡበት በር ቦታ ስለተቀየረ ነው። በአዲሱ አድራሻ ይግቡ። በትዕዛዝ መስመር የቀየሩ ግን ቅንብሩን ማስቀመጥ አይርሱ፤ ካላስቀመጡት መሣሪያው ጠፍቶ ሲነሣ ለውጡ አብሮ ይጠፋል።

ሠርቶ እንደሆነ ማየት

የኔትወርክ ገመዱን ማኔጅመንት ተብሎ በተጻፈበት ፖርት ላይ ይሰኩ፤ ከትራፊክ ፖርቶቹ ጋር አያምታቱት። ላፕቶፕዎን በዚያው ሰብኔት አድርገው በብራውዘር ወደ 10.20.30.11 ይግቡ። ስለ ሰርተፍኬት ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ መሣሪያው ራሱ የፈረመውን ሰርተፍኬት ስለሚያቀርብ ነው፤ በኋላ በድርጅቱ ሰርተፍኬት ይተካል። ቀጥሎ ከሌላ ሰብኔት ይሞክሩ። ከቅርብ ተከፍቶ ከሩቅ ካልተከፈተ ጌትዌዩን ወይም ማስኩን ይመርምሩ።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ቦታ እዚህ ነው። ቢግ አይፒ ለማኔጅመንትና ለደንበኞች ትራፊክ የተለያየ የመንገድ ሰንጠረዥ አለው። መሣሪያው በራሱ ተነሣሽነት የሚልከው ነገር፣ ለምሳሌ ሎግ (የተከናወነውን የሚመዘግብ መልእክት) ወይም የሰዓት ጥያቄ፣ በሁለቱም በኩል ዲፎልት መንገድ ካገኘ የትራፊኩን ያስቀድማል። ውጤቱ፦ ገጹ በደንብ ይከፈታል፣ ሎግ ሰርቨሩ ግን ምንም አይደርሰውም፤ ምክንያቱም ፋየርዎሉ ያላወቀው አድራሻ መጥቶበት ጥሎታል። መፍትሔው ወደ ሎግ ሰርቨሩ ኔትወርክ የሚወስድ የተለየ የማኔጅመንት መንገድ በ10.20.30.1 በኩል ከትዕዛዝ መስመር መጨመር ነው።

በሩን መዝጋት

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 የዚህ መሣሪያ የአስተዳደር ገጽ ላይ የደኅንነት ክፍተት ተገኘ፤ የክብደት መለኪያው የመጨረሻውን ነጥብ፣ ከ10 10፣ ሰጠው። በ2022 ሌላ ክፍተት 9.8 ተመዘነ። በሁለቱም ጊዜ ይበልጥ የተጋለጡት የአስተዳደር ገጻቸውን ከኢንተርኔት እንዲታይ የተዉ ነበሩ። ስለዚህ ማኔጅመንት አድራሻው የሕዝብ አድራሻ አይሁን፤ ከውጭ የሚገባ ሰውም መጀመሪያ በቪፒኤን ይለፍ። በፕላትፎርም ገጹ ላይ ኤስኤስኤች (ከሩቅ በትዕዛዝ መስመር መግቢያው) ከየትኞቹ አድራሻዎች እንደሚፈቀድ መወሰን ይቻላል፤ በነባሪነት ለሁሉም ክፍት ስለሆነ የባለሙያዎቹን ኔትወርክ ብቻ ያስገቡ።

የፊት በሩም ከጓዳው ጋር እንዳይገናኝ ይዩ። በትራፊክ ኔትወርኮች ላይ ያሉት የመሣሪያው የራሱ አድራሻዎች ፖርት ሎክዳውን የሚባል ቅንብር አላቸው፤ ምንም አትፍቀድ በሚለው ላይ ይቆዩ። ነባሪ ፖርቶችን ፍቀድ የሚለው ከተመረጠ 443 (ለብራውዘር) እና 22 (ለኤስኤስኤች) የሚባሉት የግንኙነት ቁጥሮች ተከፍተው የአስተዳደር ገጹ በትራፊኩ በኩል ይታያል። በጥንድ የሚሠሩ ሁለት መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት የውስጥ አድራሻ ግን የተወሰኑ ፖርቶች ስለሚያስፈልጉት እነዚያን ብቻ ይክፈቱለት።

ሁለት መሣሪያ በጥንድ ሲሠራ

ማኔጅመንት አድራሻ ከአንዱ ወደ ሌላው አይገለበጥም፤ ለእያንዳንዱ የራሱን ይስጡ፣ 10.20.30.11 እና 10.20.30.12። ሥራ ላይ ያለ ጥንድ ከሆነ ተጠባባቂውን አስቀድመው ይቀይሩ፤ ገብተው ሁሉም ጤነኛ መሆኑን ካዩ በኋላ ወደ ዋናው ይሂዱ። አንዱ የሌላውን ደኅንነት የሚጠይቅበት ዝርዝር ውስጥ አሮጌው ማኔጅመንት አድራሻ ተጽፎ እንደሆነም ይፈትሹ፤ ካለ በአዲሱ ይተኩ።

የኮንሶል ገመዱን ከመንቀልዎ በፊት በአዲሱ አድራሻ በብራውዘርም በኤስኤስኤችም አንድ አንድ ጊዜ ይግቡ። ከዚያ ክትትል የሚያደርገውን ሲስተም፣ የባክአፕ ፕሮግራሙንና የአድራሻ መዝገቡን ያድሱ፤ አዲሱንም ቁጥር በመሣሪያው ግንባር ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይጻፉ።