ውርጃን ከሚደግፍ ሰው ጋር ስትነጋገሩ

ክርስቲያን ስለ ውርጃ ሲከራከር ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በአቋሙ ሳይሆን በአነጋገሩ ነው። ጽንሱ በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥሯል ብሎ የተነሣ ሰው፣ ፊት ለፊቱ ያለውን በዚያው መልክ የተፈጠረ ሰው «ነፍሰ ገዳይ» ብሎ ያርፋል። ከዚህ በታች ያለው አቋም ለማለሳለስ አይደለም፤ አቋምን ይዞ ሰውን ላለመጣል ነው።

መጀመሪያ ማን እንደሚሰማችሁ አስቡ። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ወደ 73 ሚሊዮን ገደማ ውርጃ እንደሚፈጸም ይገምታል። ስለዚህ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ቤተ ክርስቲያንም ውስጥ ቢሆን፣ ያስወረደች ሴት ወይም አስወርጂ ብሎ የገፋፋ ወንድ እንዳለ ቍጠሩ። «እንዲህ የምታደርግ ሴት» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር አፋችሁ ላይ ከመጣ ዋጡት።

ሰው እያየ አትከራከሩ። ተመልካች ካለ ሁለታችሁም የምትጠብቁት ክብራችሁን ነው። ነገሩ በጽሑፍ ከተጀመረ «በአካል ብንገናኝ ይሻላል» በሉና አቁሙት። ሁለት ሰው፣ ቢበዛ ሦስት፣ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል።

ቃላቱን አስቀድማችሁ ተስማሙባቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 መጨረሻ በአሜሪካ ቦስተን አጠገብ በምትገኘው ብሩክላይን አንድ ታጣቂ ውርጃ በሚሰጡ ሁለት ክሊኒኮች ሁለት ሴት ሠራተኞችን ገደለ። በማግሥቱ ዓመት ከደጋፊዎች ሦስት፣ ከተቃዋሚዎች ሦስት ሴት መሪዎች በምስጢር መገናኘት ጀመሩ። ያሰቡት ለአራት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ከአምስት ዓመት በላይ ቆዩበት። ጽንሱን ምን ብለው እንደሚጠሩት እንኳ ተቸግረው በመጨረሻ ሁለቱም ወገን ቅር እያለው «የሰው ጽንስ» በሚለው ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ2001 ነገሩን ሲገልጹ አቋሟን የለወጠች አንዲትም አልነበረችም። ነገር ግን ግድያን የሚያጸድቅ አንድ ሰው ወደ ከተማዋ ሊመጣ መሆኑ ሲሰማ፣ እንዳይመጣ የጻፉለት የውርጃ ተቃዋሚዎቹ ሴቶች ነበሩ። ከእንዲህ ዓይነት ንግግር መጠበቅ ያለበት ፍሬ ይህን የመሰለ ነው።

በቃላቱ ከተስማማችሁ በኋላ መጀመሪያ ውርጃን የሚደግፈው ሰው ይናገር፤ ዐሥር ደቂቃ ሳታቋርጡ ስሙት። ሲጨርስ ያለውን በራሳችሁ አባባል መልሳችሁ ንገሩትና «አዎ፣ ያልኩት እሱን ነው» እስኪላችሁ ድረስ አስተካክሉ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ የሰማውን በትክክል መልሶ ተናግሮ ሲያበቃ ወዲያው «ግን» ይላል፤ ያኔ ማዳመጡ ሁሉ ወጥመድ ይመስላል። በ«ግን» ፋንታ ጥያቄ አስከትሉ። «ይህን አቋም እንድትይዝ ያደረገህ ምንድን ነው?» ጥያቄ ነው፤ «ታዲያ ሕፃን መግደል ልክ ነው?» ግን ስድብ ነው። ለመጀመሪያው መልስ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ከሐሳቡ ጀርባ ሰው አለ፦ ደም ፈስሷት ልትሞት የነበረች እኅት፣ ተደፍራ ያረገዘች ልጅ። ደኅንነቱ ባልተጠበቀ ውርጃ ሴቶች እንደሚሞቱ እውነት ነው፤ እውነት መሆኑን በአፋችሁ ተናገሩ። ይህን ማመን ከአቋማችሁ ምንም አይቀንስም።

ጥቅስ በመጀመሪያ አታውጡ። አንደኛ ጴጥሮስ 3፥15ን በቃላችን የያዝን ብዙዎች ነን፤ መልስ ለመስጠት የተዘጋጃችሁ ሁኑ የሚለውን እናነሣና «ነገር ግን በየዋህነትና በፍርሃት» የሚለውን እንቆርጠዋለን። ደግሞም «ከተወለደ በኋላስ ማን ያሳድገዋል?» መባላችሁ አይቀርም። ቤት ኪራይ የሚያግዝ፣ ልጅ የሚይዝ፣ ሐኪም ዘንድ አብሮ የሚሄድ ሰው አስቀድማችሁ ካላወቃችሁ መልሱ ባዶ ይሆናል።

የምታነጋግሯት ሴት በመሀል «እኔም አስወርጄ ነበር» ብትላችሁ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ» አትበሉ፤ ይቅርታ መጠየቋን አልነገረቻችሁም። «ስለ ነገርሽኝ አመሰግናለሁ፤ ማውራት ትፈልጊያለሽ?» ይበቃል። አልጸጸተኝም ካለች ጸጸት አታስገድዷት። ራሷን የመጉዳት ሐሳብ ካለባት ብቻዋን አትተዉአት፤ ባለሙያ ዘንድ አድርሷት። የሰማችሁትን ደግሞ ለማንም አትናገሩ። ስሟን ሸፍኖ «የጸሎት ርእስ አለኝ» እያሉ ለኅብረቱ ማቅረብ የታወቀ ሐሜት ነው፤ ሁለት ፍንጭ ከተጨመረበት ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል።

ጸልዩ፤ ጸሎቱ ግን «ልቧን መልስልኝ» ብቻ አይሁን። ለሥራዋ፣ ለእናቷ ሕመም፣ ለልጇ ፈተና በስሟ ጸልዩ። ይህን የሚያደርግ ሰው በሚቀጥለው ሲገናኝ ድምፁ ይለወጣል።

ቃል ካመለጣችሁ በማግሥቱ ተመለሱ። «ካስቀየምኩሽ ይቅርታ» ጥፋቱን ወደ እርሷ ያዞራል። «ራስ ወዳድ ያልኩሽ ስሕተት ነበር፤ ይቅር በዪኝ» በሉ፤ ቃሉን ራሱን ጥሩት። በዚያ ቀን ስለ ውርጃ አንድም ነገር አታንሡ።