አሳ መሞት ሲጀምር ላብ (ላብራቶሪ) ይዛችሁ ምትሄዱት የቱን ነው?

መጀመሪያ የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። ጠዋት ኩሬው ላይ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው የተንሳፈፉትን ቆሮሶዎች (ቲላፒያ ሚባለው አሳ) ለቃቅሜ በፌስታል ቋጥሬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፣ ላብ ስደርስ ሰውየው ገና ፌስታሉን ሳይፈታው አፍንጫውን ይዞ "ወንድሜ ይሄማ ምንም አይነግረንም" አለኝ። እውነቱን ነው። የሞተ አሳ በሰአታት ውስጥ ይበሰብሳል፣ ያኔ ሚገኘው ባክቴሪያ የገደለው ይሁን ከሞተ በኋላ የወረረው አይለይም።

ሚፈለገው ሊሞት ያለው ነው፤ ጥግ ይዞ የቆመው፣ በጎኑ ሚዋኘው፣ እጃችሁን ስትሰዱ ማይሸሸው። ከነሱ አምስት ስድስት ያዙ፣ ጤነኛ ከሚመስሉት ሁለት ሶስት ጨምሩ ለማነጻጸሪያ።

በሽታ መሆኑንም ቀድማችሁ ገምቱ። ብዙው ባንድ ሌሊት ካለቀ፣ ንጋት ላይ አፋቸውን አውጥተው አየር ሲጎርሱ ከነበር፣ ትልልቆቹ ከቀደሙ ችግሩ ኦክስጅን ሊሆን ይችላል፣ መኖ አቁሙና ንጹህ ውሃ አስገቡ። እንቁራሪቱም ነፍሳቱም አብሮ ካለቀ ከማሳ የገባ ፀረ ተባይ ጠርጥሩ። በሽታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዛሬ ሶስት ነገ ሰባት እያለ ነው ሚሄደው።

አስተሻሸጉ ላይ ነው ብዙ ሰው ሚሳሳተው። ለባክቴሪያ ምርመራ አሳውን በድርብ ፌስታል አድርጋችሁ በረዶ ላይ አስቀምጡ፣ ፍሪዘር ውስጥ ግን እንዳታስገቡት፣ በ24 ሰአት ውስጥ ላብ ይድረስ። መድሃኒትም ከናሙናው በፊት አትስጡ፣ አንቲባዮቲክ ከገባ ባክቴሪያው ላብ ላይ ላያድግ ይችላል። ለፒሲአር (የጀርሙን ዘረመል ለሚፈልገው ምርመራ) ደግሞ ከጉበቱ፣ ከአንጎሉና ከጊሉ (ክዳኑን ስታነሱት ሚዶ ሚመስለው ቀይ ነገር) ትንሽ ትንሽ ቆርጣችሁ 95% አልኮል ውስጥ። ፎርማሊን (ስጋው እንዳይበሰብስ ሚያቆይ ኬሚካል) አምጡ ከተባላችሁ 1 እጁን በ9 እጅ ውሃ በጥብጡ፣ ፈሳሹ ከስጋው 10 እጥፍ ይሁን፣ ጓንት አድርጉ። ሌብሉን በእርሳስ ጻፉ፣ እስክሪብቶ ከሆነ አልኮሉ ያጠፋዋል፣ ይሄን እኔ በደንብ አውቀዋለሁ። ቀኑን፣ ስንት እንደሞተ፣ የውሃውን ሙቀት፣ የአሳው ጫጩት ከየት እንደመጣ አትርሱ።

ለማን? ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደውሉ፣ ከዛ ወደ ክልል ላብራቶሪ፣ ካስፈለገም ሰበታ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት። ይሄ ሰንሰለት ለአገርም ነው፣ ምክንያቱም ከባድ የሚባል አዲስ በሽታ ከተረጋገጠ አገሪቱ ለዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት በ24 ሰአት ውስጥ ማሳወቅ አለባት። ሲዘገይ ምን እንደሚሆን እስራኤልን እዩ፣ ገሊላ ባህር ላይ ቆሮሶ ከ2009 ጀምሮ ሲያልቅ ቆይቶ ገዳዩ ቲላፒያ ሌክ ቫይረስ ተለይቶ የታተመው በ2014 ነው (እ.ኤ.አ)። ሰው አይዝም ተብሎ ነው ሚታወቀው፣ መድሃኒት ግን የለውም። ቫይረሱ ቪክቶሪያ ሃይቅ ላይም ተገኝቷል፣ ሩቅ አይደለም።

ስለዚህ አልኮሉን፣ የበረዶ ሳጥኑንና የባለሙያውን ስልክ ዛሬ አዘጋጁ፣ አሳ መሞት ሲጀምር ፋርማሲ ሊዘጋ ይችላል። ውጤት እስኪመጣ ከኩሬው አሳ አታውጡ፣ የሞተውን ወንዝ አትወርውሩ፣ ኖራ ነስንሳችሁ ቅበሩት፣ መረባችሁንም ለጎረቤት አታውሱ፣ ቢቀየማችሁም።