ሐረር ላይ የተማሪ ልውውጥ ስናዘጋጅ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከውጭ አገር የልውውጥ ተማሪዎች ሲመጡ ዋናው ስህተታችን ልጆቹን እንደ ቱሪስት ማዞር ነው። እኔም መጀመሪያ ሳስተናግድ ይህንኑ አድርጌያለሁ። በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነውና በሮቹን አንድ በአንድ አሳየናቸው፤ ማታ ደግሞ ጅብ ሲቀለብ አዩ። በሦስት ቀን ውስጥ ግን የእንግዶቹና የእኛ ልጆች ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተጫወቱም። አሁን ጉብኝቱን በግማሽ ቀንሼ ሁለት ሁለት እያደረግሁ ጊድር መጋላ ገበያ እልካቸዋለሁ። ሽንኩርትና ቲማቲም በዋጋ ተከራክረው ገዝተው፣ አብረው ከትፈው ሲያበስሉ አፋቸው ይፈታል።

አስተናጋጅ ልጆችን በእንግሊዝኛ ውጤት ብቻ መምረጥም ትክክል አይደለም። ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ እየሰማ ያደገ ልጅ ቋንቋው ካልገባው ሰው ጋር መግባባት ያውቅበታል።

ሥጋ ነገር ብዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እዚህ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች ልጅ አብረው ያሳድጋሉ፣ በበዓል ይጠያየቃሉ፤ ሥጋ ግን እያንዳንዱ የራሱን እርድ ነው የሚበላው። ይህን ያልተነገረው እንግዳ ልጅ ሙስሊም ቤት አድሮ የቋጠሩለትን ምሳ ለክርስቲያን ጓደኛው ያጎርሳል፤ ያ ልጅ እምቢ ሲለው ደግሞ የተጠላ ይመስለዋል። ስለዚህ እንግዶቹ በደረሱበት ቀን ተቀምጣችሁ አስረዷቸው። የጋራው ምሳ ሽሮ፣ ምስርና አትክልት ይሁን፤ ረቡዕና ዓርብ ለሚጾሙትም ይስማማል። ጉብኝቱን ረመዳን ውስጥ አታድርጉት።

ሐረሪ ቤት ሲጋበዙ ጫማ ደጃፍ ላይ ይወልቃል። ውስጡ ያሉት አምስት መደቦች፣ ነደባ የሚባሉት፣ እንደ ዕድሜና ክብር የተለየ ተቀማጭ አላቸው። ልጆቹ ዘው ብለው ከፍ ያለው ላይ ቢወጡ ባለቤቶቹ ለእንግዳ ክብር ብለው ዝም ይላሉ እንጂ ደስ አይላቸውም። ቁጭ በሉ እስኪባሉ ይቁሙ።

ሰዓት ስትቀጥሩ “በእኛ” ወይስ “በፈረንጅ” መሆኑን ጻፉ፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው።

የመጨረሻውና ከሁሉ የሚያሳዝነኝ፣ ልውውጥ ተብሎ እነሱ ብቻ መጥተው መቅረቱ ነው። የእኛ ልጆች መልስ ጉዞ ወጪ በማን እንደሚሸፈን ገና በመጀመሪያው ደብዳቤ ይስፈር። ኤምባሲዎቹ ያሉት 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ ነውና፣ ለቪዛ የሚመላለሱበት የአውቶቡስና የአልጋ ገንዘብም አብሮ ይታሰብ።