ንስሐ በጅምላ አይሆንም

ብዙዎቻችን ማታ ስንጸልይ «ጌታ ሆይ፣ በማወቅም ባለማወቅም የሠራሁትን ሁሉ ይቅር በለኝ» ብለን እንተኛለን። ጸሎቱ መልካም ነው። እዚያ ላይ ሲያበቃ ግን እኛም እግዚአብሔርም አሳምረን የምናውቀው ያ አንድ ነገር ሳይነሳ ያድራል።

መጀመሪያ ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጉ። ሐዋሳ ያላችሁ ማልዳችሁ ፍቅር ሐይቅ ዳር መቀመጥ ትችላላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ሰው ይበዛል። የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ግቢም አለ። ካልሆነ በራችሁን ዝጉ። ስልኩን አጥፉት፣ ድምፁን መቀነስ ብቻ አይበቃም። ከዚያ መዝሙር 51ን (በኦርቶዶክሱ ቁጥር 50) ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ዳዊት የጀመረው ከጥፋቱ ሳይሆን «እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» ብሎ ነው። የምትቀርቡት መሐሪ ወደሆነ አምላክ መሆኑን ስትይዙ መደበቁ ይቀርላችኋል።

አሁን ያደረጋችሁትን በግልጽ ተናገሩ። ማንን፣ ምን፣ ስንት። የዕቁብ ጸሐፊ ናችሁ እንበል። «ገንዘብ ላይ ደካማ ነኝ» ማለት ኑዛዜ አይደለም። «ከዕቁቡ 3,000 ብር ወስጄ ቤት ኪራይ ከፈልኩበት፣ ሲጠይቁኝም እገሌ አልከፈለም ብዬ ዋሸሁ» ብትሉ ግን ነገሩ ሁለት መሆኑ ይወጣል። ገንዘብ ብቻ አልወሰዳችሁም፣ የሰው ስምም አጥፍታችኋል። በጅምላ ስንጸልይ ይህ ሁለተኛው ነው የሚያመልጠን፣ ብዙ ጊዜም የሚብሰው እሱ ነው።

ሰበብ አትጨምሩበት። ሳኦልም ዳዊትም «በድያለሁ» ብለዋል። ሳኦል ግን «ሕዝቡን ስለ ፈራሁ» አለበት፣ ቆየት ብሎም በሽማግሌዎች ፊት አክብረኝ ብሎ ሳሙኤልን ለመነው (1ኛ ሳሙኤል 15)። ዳዊት ለናታን የመለሰው «እግዚአብሔርን በድያለሁ» የሚል ብቻ ነበር። ኪራይ መወደዱ እውነት ነው፣ ጭንቀታችሁን ለእግዚአብሔር ንገሩት፣ ግን ለብቻው አድርጋችሁ ንገሩት እንጂ ከጥፋቱ ጋር አታጣብቁት።

ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። አፍራችሁ የማያውቃችሁን ካህን አትፈልጉ፣ ግማሹንም አታስቀሩ። ጾምም ሆነ ስግደት ወይም ምጽዋት፣ የሰጧችሁን ቀኖና ፈጽሙ። ፕሮቴስታንት ከሆናችሁም ያዕቆብ 5፥16 እርስ በርሳችሁ ተናዘዙ ይላልና ምስጢር የሚጠብቅ የበሰለ አማኝ ፈልጉ። የራሳችሁን ብቻ ተናገሩ፤ የሌላው ሰው ጥፋት «የጸሎት ርዕስ» ተብሎ ሲወራ ሐሜት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ከባድ ነው፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይቆማል። ዘኬዎስ ያታለለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ማቴዎስ 5፥23-24ም መባህን ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። ስለዚህ ገንዘቡን በቴሌብር ልኮ ዝም ማለት አይሆንም። ሄዳችሁ የበደላችሁትን ሰው ፊት ለፊት ንገሩት። «አስቀይሜህ ከሆነ ይቅርታ» አትበሉ፣ ያደረጋችሁትን ጠቅሳችሁ «በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» በሉ። ስሙን ያጠፋችሁት በዕቁቡ ሰዎች ፊት ከሆነ የምታነሡለትም እዚያው ነው። እሱ ወዲያው ይቅር ላይላችሁ ይችላል፣ አትጨቅጭቁት። መናገራችሁ ሌላ ሰው ላይ አደጋ የሚያመጣ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ የንስሐ አባታችሁን ወይም መጋቢያችሁን አማክሩ።

ከተናዘዛችሁ በኋላ ልባችሁ ቶሎ ላይቀል ይችላል። ያንኑ ኃጢአት በየቀኑ እንደ አዲስ አታንሡት፤ 1ኛ ዮሐንስ 1፥9 ለሚናዘዝ ይቅር የሚለው እግዚአብሔር የታመነ ስለሆነ ነው ይላል፣ የእኛ ስሜት ስላማረ አይደለም። ደግማችሁ ከወደቃችሁ ግን ሳታሳድሩ ተመለሱ። የወደቃችሁበትንም መንገድ ዝጉ፦ የዕቁቡን ደብተርና ገንዘብ ለሌላ ሰው አስረክቡ፣ ለምን ብለው ቢጠይቋችሁም እውነቱን ንገሯቸው።