በጋራ የሚሠራ የሥርዓት ካርታ ሲገመገም ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የወረዳ ውኃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የውኃ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥና የቀበሌ አመራር አንድ ጠረጴዛ ከበው የእጅ ፓምፕ ለምን ተበላሽቶ እንደሚቀር በትልቅ ወረቀት ላይ ይስላሉ፤ መንስኤንና ውጤትን በቀስት የሚያገናኘው ይህ ሥዕል የሥርዓት ካርታ ይባላል። ፓምፑ ሲበላሽ ተጠቃሚው ወርኃዊ ክፍያውን ያቋርጣል፤ ክፍያው ሲቋረጥ የመለዋወጫ መግዣ ይጠፋል፤ መለዋወጫ ሲታጣ ፓምፑ ሳይጠገን ይከርማል። ሲወቃቀሱ የኖሩ ሰዎች ችግሩ የአንዳቸው ብቻ እንዳልሆነ በዚያ ወረቀት ላይ ያያሉ። በዚህ ዘዴ ከልቤ አምናለሁ፤ በደካማ ግምገማ ሲባክን የሚቆጨኝም ለዚህ ነው።

በመዝጊያው ሰዓት የተሞላ መጠይቅን እንደ ማስረጃ መያዝ

ተሳታፊው አበሉን ለመቀበል ሲጠባበቅ «ዓውደ ጥናቱ ጠቅሞዎታል?» ተብሎ ቢጠየቅ «በጣም» ነው የሚለው። ይህ ስለ መስተንግዶው እንጂ ስለ ለውጡ አይናገርም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 የታተመ አንድ ዳሰሳ 107 መሰል ሥራዎችን መርምሮ ብዙ መልካም ውጤት ቢያገኝም፣ የጥናቶቹ አሠራርና የመረጃቸው ጥራት እንደሚያሳስብ አመልክቷል። የሚሻለው እያንዳንዱ ተሳታፊ የችግሩን መንስኤ ከዓውደ ጥናቱ በፊትና በኋላ ለየብቻው እንዲጽፍ ማድረግ፣ ከወራት በኋላም ቃለ ጉባኤውንና በጀቱን መመልከት ነው። ቀድሞ ያልነበረ የመለዋወጫ በጀት ተይዟል? ገንዘብ ያዡ ጥገና ሲያስፈልግ አሁን ለማን ይደውላል?

አንድ ጊዜ ለክቶ መዝጋት

ከሁሉም የከፋው ይህ ይመስለኛል። በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት፣ ግሬት ሳውዝ ኮስት በተባለው አካባቢ፣ 10 ማኅበረሰቦች የሕፃናትን ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለመከላከል መሪዎቻቸውን ሰብስበው እንዲህ ያለ ካርታ ሠርተዋል። አምስቱ ቀድመው ጀመሩ፤ የቀሩት አምስቱ ቆይተው ተከተሉ። የተማሪዎች ቁመትና ክብደት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015፣ በ2017 እና በ2019 ተለካ። ቀድመው በጀመሩት ዘንድ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት መሻሻል ታየ፤ ከዚያ በኋላ ግን ውጤቱ ወደ ኋላ ተመለሰ። በ2017 መዝገቡን የዘጋ ገምጋሚ ሙሉ ስኬት ባወጀ ነበር። የመነሻውንና የ2019ን ቁጥር ብቻ ያነጻጸረ ደግሞ በመካከል የታየውን መሻሻል ሳያውቀው ባለፈ ነበር። ቢያንስ ሦስት ጊዜ መለካት፣ በየመካከሉም የተካሄደውን ሥራ፣ የተቀየረውን አመራርና የተቋረጠውን ገንዘብ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ካርታውን ራሱን እንደ ውጤት መቁጠር

ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ካርታ ውኃ አይቀዳም። ሪፖርቱ «አንድ ካርታ ተዘጋጅቷል» ብሎ ካበቃ ግምገማው ገና አልተጀመረም።

ዝምታን እንደ ስምምነት መውሰድ

ኃላፊው ቀድሞ ከተናገረ ሌላው በይሉኝታ ያጸድቃል። ያኔ ካርታው የአንድ ሰው ሐሳብ ሆኖ ሳለ የሁሉም ይመስላል። ስለዚህ ገምጋሚው የትኛው ቀስት በማን ሐሳብ እንደተሰመረ፣ የማን ሐሳብ ሳይሰመር እንደቀረ ይመዝግብ። ውኃ ለመቅዳት ሰልፍ የምትቆመውን ሴትም ካርታውን ይዞ ለብቻዋ ያነጋግራት፤ ባለሙያዎቹ ያላሰቧትን ቀስት የምትጨምረው እርሷ ልትሆን ትችላለች።

ለውጡን ሁሉ ለዓውደ ጥናቱ መስጠት

በዚያው ዓመት ሌላ ድርጅት አዲስ ጉድጓድ ቆፍሮ ሊሆን ይችላል። በወረዳው የተከናወነውን ሁሉ በቀን በቀኑ መመዝገብ፣ ዘግይቶ ከሚጀምር ተመሳሳይ ወረዳ ጋርም ማነጻጸር ይጠቅማል።

የመነሻ መረጃን ማዘግየት

የመጀመሪያው ዓውደ ጥናት ከተካሄደ በኋላ የሚሰበሰብ መረጃ የመነሻ መረጃ አይደለም፤ ሰዎቹ በውይይቱ አስቀድመው ተለውጠዋል። የግምገማው በጀትና መጠይቁ የጥሪው ደብዳቤ ከመላኩ በፊት መዘጋጀት አለባቸው።